ቤት ለመሸጥ ደላላ እንያዝ ወይ?
(በሠፈራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከተማችን ጎበሳ ሁሉም የሚተዋወቅባት ናትና ገዢው የአገራችን ሰው ከሆነ ወሬው በእድርና በገበያ ቀን ይዳረሳል፤ ደላላ አያሻንም። ከአሰላ ወይም ከአዲስ አበባ ገዢ ስንፈልግ ግን ይጠቅመናል። ያን ጊዜ የድለላውን ዋጋ አስቀድመን በጽሑፍ እንስማማ፤ ካርታችንንም ከእጃችን አናውጣ። ደላላ የሚከፈለው ሽያጩ ሲያልቅ ነውና ይቸኩላል፤ እኛ አንቸኩል።

ደላላ ያገናኛል እንጂ ውል አያጸናም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። መሬት ደግሞ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ አይሸጥም፤ «ባዶ ቦታ ላሻሽጥላችሁ» የሚለንን አንስማው። ዕድሜ ልክ የለፋንበት ቤት በአንድ ፊርማ እንዳይሄድብን አደራ!