ለንብ የሚተርፍ አፈር



ንግግሬን ከአንድ ዱባ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የክረምቱን ጭቃ ለመገላገል ግቢያችንን ከበሩ እስከ ጓሮ ድረስ ሊሾ አስደረግነው። ለዱባና ለጎመን የምትሆን አንዲት መደብ ብቻ ተረፈች። ዱባው ሐረጉን ሰደደ፤ ቢጫ አበባውም ግቢውን አደመቀው። ፍሬው ግን አውራ ጣት ሲያክል እየጠወለገ ይረግፍ ጀመር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዱባ ሲተክሉ የኖሩ አንዲት ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል ተመልክተው፣ «ልጄ፣ ስለ ዕፀዋት ታስተምራለህ ይሉኛል፤ ዱባህ ግን ንብ አላየም» አሉኝ። አፈርሁ። ለዓመታት በሰሌዳ ላይ የሣልሁትን ነገር በራሴ ደጃፍ ሳላየው ቀርቼ ነበር።

የዱባ ወንዴና ሴቴ አበቦች በአንድ ሐረግ ላይ ለየብቻ ይወጣሉ። ማለዳ ፈክተው ቀትር ሳይሞላ ይከደናሉ። ብናኙ ከባድና ተጣባቂ ስለሆነ ነፋስ አይወስደውም፤ በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ነፍሳት ካላመላለሱት ፍሬው ይጨነግፋል። ጤፍ በራሱ ብናኝ ስለሚያፈራ ንብ መጣ ቀረ ግድ የለውም። ኑግ ግን ከራሱ ብናኝ አይፀንስም። የቲማቲም ነገር ደግሞ የተለየ ነው፤ ብናኙ በጠባብ ቱቦ ውስጥ የታሸገ በመሆኑ፣ አበባውን ጨብጦ የሚያንቀጠቅጥለት ንብ ሲያገኝ የተሻለ ያፈራል። የማር ንብ ይህን ሙያ አታውቀውም። እነዚያ እንጨት የሚቦረቡሩ ትልልቅ ጥቁር ንቦች ግን ያውቁበታል።

የማር ሀገር ሰዎች ስለሆንን ይመስለኛል፣ ንብ ሲባል የሚታየን ቀፎ ነው። በዓለም ላይ ከሚታወቁት ከ20,000 በላይ የንብ ዝርያዎች አብዛኞቹ ቀፎ የላቸውም፤ ለየብቻቸው ይኖራሉ። ከእነዚህም የሚበዙት ጎጇቸውን የሚሠሩት መሬት ቆፍረው ነው። ማሯን ለመድኃኒት የምንፈልጋት ጣዝማ እንኳ፣ ምንም እንኳ በኅብረት የምትኖር ብትሆን፣ ቤቷ ከአፈር በታች ነው። እንግዲህ አበባ ተክለን መሬቱን ብንደፍነው፣ ግብዣ ጠርተን በሩን እንደ መዝጋት ነው።

ለዱባዬ መጨንገፍ ሊሾው ብቻ ጥፋተኛ ነው ብዬ አልምልም፤ የአንድ ግቢ ነገር ሙከራ አይባልም። ቢሆንም ፀሐይ በሚያገኘው አጥር ሥር አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን አስፈነቀልሁ። አልቆፍረውም፣ ውሃም አላጠጣውም። አጠገቡ አንድ የደረቀ ግንድ አጋድሜያለሁ። ባለቤቴ ቆሻሻ ነው ብላ ሁለት ጊዜ ልታስጥለው ነበር።

ስለ አበባው የምለው ጥቂት ነው። በመስከረም አደይ አበባ ሁሉን ያጠግባል፤ ችግሩ ሌላው ወር ነው። የግራዋ አጥር በበጋው መካከል ያብባልና ለብሎኬት ብላችሁ አትቁረጡት። በሶብላውን፣ ኮሰረቱንና ጦስኙንም ሁሉንም ለወጥ አትቅጠፉት፤ ጥቂቱ ያብብ። የወፍ ቆሎን ግን፣ ቢራቢሮ ቢወደውም፣ አልመክርም፤ ወራሪ ነው።

ጎመን ላይ ክሽክሽ ሲወጣ ፍሊት ማንሣት የተለመደ ነው። የሳሙና ውሃ ይበቃል፤ እሱም ቢሆን ንቦች ከገቡ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ፣ አበባ ባልያዘው ተክል ላይ ይረጭ።

በሁለተኛው ዓመት በዚያ ባዶ መሬት ላይ እርሳስ የምታስገባ ቀዳዳ አየሁ፤ ከዚያም ሦስት ሆኑ። ዱባውን ግን ዛሬም አንዳንድ ማለዳ ወንዴውን አበባ ቀጥፌ ሴቴው ላይ በእጄ አነካካለሁ።

ከዚህ አዳራሽ ጀርባ ያለው ሜዳም ንጣፍ ሊለብስ እንደታሰበ ሰምቻለሁ። ከመነጠፉ በፊት ስንት ቀዳዳ እንዳለው እንቁጠር፤ ቆጠራውን ይዘን ቢያንስ የአጥሩ ሥር እንዲተርፍ እንጠይቃለን። ፈቃደኛ የሆናችሁ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ደብተር ይዛችሁ እዚያው ጠብቁኝ።