በወፍጮ ገቢ ስለ ተመሠረተው የማንቸስተር ትምህርት ቤት
(በትምህርት ቤታችን አዳራሽ የተደረገ ንግግር)



የትምህርት ቤታችንን በዓል ምክንያት በማድረግ ስለ አንድ የውጭ አገር ትምህርት ቤት እንድናገር ታዝዤአለሁ። የመረጥሁትም በእንግሊዝ አገር የሚገኘውን የማንቸስተር ግራማር ስኩልን ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ እንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት እንደ ኢተን ያሉት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ማንቸስተር ግን የተመላላሽ ነው፤ ልጁ ጧት ከቤቱ ይወጣል፣ ማታ ከእናቱ ማእድ ይደርሳል። እንዲህ ከሆነ የድኻውም የባለጸጋውም ልጅ በአንድ ወንበር ሊቀመጡ ይችላሉ። ነገር ግን የድኻውን ልጅ ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? የዚህ ትምህርት ቤት ታሪክ ከዚህ ጥያቄ ተለይቶ አያውቅም።

መሥራቹ የላንክሻየር ተወላጅ የነበሩት የኤክሴተር ጳጳስ ሂው ኦልደም ናቸው። እኒህ ሰው በአገራቸው ብሩህ አእምሮ ያላቸው ልጆች በድኽነት ምክንያት ሳይማሩ መቅረታቸውን ተመልክተው፣ በ1515 የላቲን ሰዋስው ያለ ክፍያ የሚማሩበትን ቤት አቋቋሙ። በትምህርት ቤቱ ዓርማ ላይ የምትታየው ጉጉትም የእርሳቸው ምልክት ናት። በእኛ አገር ጉጉት ክፉ ወሬ ነጋሪ ትባላለች፤ በእንግሊዝኛ ግን ስሟ ከጳጳሱ ስም ጋር ስለሚገጥም ዓርማ ለመሆን በቅታለች።

ጳጳሱ ትምህርት ቤቱን ባዶ እጁን አልተዉትም። በእኛ አገር ለደብር ጉልት ይሰጥ እንደ ነበረ ሁሉ፣ እርሳቸውም በኢርክ ወንዝ ላይ የሚገኙትን የውሃ ወፍጮዎች ለመተዳደሪያ ሰጡት። የከተማው ሕዝብ እህሉንና ብቅሉን በነዚህ ወፍጮዎች ብቻ እንዲያስፈጭ ግዴታ ነበረበት፤ ሌላ ወፍጮ የተከለ ሰው ይከሰስ ነበር። ስለዚህ ልጆቹ በነጻ ተማሩ ይባል እንጂ፣ ዋጋቸውን ይከፍል የነበረው እንጀራውን ሊበላ ዱቄት ያስፈጨው ሰው ሁሉ ነበር። ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ቅሬታው በረታ፤ በ18ኛው መቶ ዓመት የእህሉ ግዴታ በሕግ ተነሣ፣ የብቅሉ ግን ቀረ። የጠላው ነገር ከዳቦው የበለጠ ገቢ ሳያስገኝ አልቀረም!

በዚያ ዘመን መምህራኑ ከሩቅ የመጡ የሀብታም ልጆችን በቤታቸው ያሳድሩ ነበር። በ1802 ከዚህ ትምህርት ቤት የኮበለለው ቶማስ ደ ክዊንሲ፣ ኋላ ስመ ጥር ደራሲ የሆነው፣ ከነዚህ አዳሪዎች አንዱ ነበር። የከተማው ሰዎች ግን «ለልጆቻችን የተሰጠው ሀብት ለእንግዶች ዋለ» በማለት ክስ አቀረቡ። ክርክሩ በፍርድ ቤት ብዙ ዓመት ፈጀ፤ በመጨረሻም የአዳሪነቱ ነገር ቀረ። በእኔ አስተያየት ትምህርት ቤቱን ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ያደረገው ይህ ክስ ነው።

የወፍጮው ገቢ አልበቃ ሲል በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ከፋይ ተማሪዎችም ገቡ። በ1931 ትምህርት ቤቱ ከመሐል ከተማ ወጥቶ አሁን ወዳለበት ሰፊ ግቢ ተዛወረ። ከ1945 እስከ 1962 ያስተዳደሩት ኤሪክ ጄምስ፣ ልጅ በአባቱ ገንዘብ ሳይሆን በራሱ ችሎታ ተመርጦ መግባት አለበት በማለት በብርቱ ይከራከሩ ነበር። ይህም የተቻለው መንግሥት በቀጥታ ርዳታ ይሰጥ ስለ ነበር ነው።

በኋላ ግን መንግሥት ርዳታውን የሚሰጥበትን ሥርዓት አስቀረና በ1976 ትምህርት ቤቱ ራሱን የቻለ የግል ትምህርት ቤት ሆነ። በ1980 ለችግረኛ ልጆች ክፍያ የሚያግዝ ሌላ ሕግ ወጣ፤ እርሱም በ1997 ተሻረ። በዚህ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ወደ ቀድሞ ተማሪዎቹና ወደ ወዳጆቹ ዞሮ፣ ለድኻ ልጆች መማሪያ የሚሆን ገንዘብ መሰብሰብ ጀመረ። ከ2025 ጥር ወር ወዲህ ደግሞ በአገሩ የግል ትምህርት ቤቶች ክፍያ ላይ ከመቶ 20 ቀረጥ ተጥሎአል። የኦልደም ወፍጮዎች ዛሬ የሉም፤ የችግረኛውን ልጅ ክፍያ የሚሸፍነው ከነርሱ የተረፈ ሀብት ሳይሆን፣ ቀድሞ በዚያው ወንበር ተቀምጠው የተማሩ ሰዎች በፈቃዳቸው የሚያዋጡት ገንዘብ ነው።