ነፋሱ ካለፈ በኋላ የደረቁት ዛፎች

ወንበር ያጣችሁ ወደዚህ ጠጋ በሉ፣ ምንጣፉ ላይም ቦታ አለ።

ባለፈው ስለ ደም ግፊት ያስተማረችን እህት ነርስ ናት። ከእሷ በፊት ስለ ባንክ የነገረችን ደግሞ ሂሳብ ተምራለች። እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ነው ከአገር የወጣሁት፤ ሥራዬም እንደ እናንተው ቤት ማጽዳትና ሽማግሌ መጦር ነው። «ስለምታውቂው ነገር ተናገሪ» ስባል ሦስት ሳምንት አሰብኩ። ከወጥ ቤት ውጭ ጠንቅቄ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ አገኘሁ፤ እሱም አሜሪካ አገር ያለ፣ በዓይኔ አይቼው የማላውቅ ጫካ ነው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው።

አሁን የምጦራቸው ሰውዬ በጉልምስናቸው የደን ባለሙያ ነበሩ። «አሞ» ነው የምላቸው። ወጣት ሳሉ ሳውዝ ካሮላይና በሚባለው የአሜሪካ ክፍለ አገር ተምረዋል። ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል። አንድ ካርቶን ሙሉ ፎቶ አላቸው፤ ከሰዓት በኋላ ቡናቸውን ከሰጠኋቸው በኋላ አንድ አንድ እያነሳሁ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ ላይ «ዛፍ ነው» ስላቸው ይቆጡ ነበር። «ምን ዓይነት ዛፍ? ቆሟል? ዘሟል? ተገንድሷል? ከነሥሩ ተነቅሏል? አንቺ ልጅ፣ ዓይን አለሽ አይደል!» ይሉኛል። እንዲህ ስንባባል አራት ዓመት ሞላን።

ስለዚህ ጫካ ላወራችሁ የፈለግሁበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ባለፈው ስብሰባ አንዲት እህታችን ተነስታ «ከዚያ ቤት ከወጣሁ ዓመት አልፎኛል። እዚያ እያለሁ አልታመምኩም፣ አላለቀስኩም። ለምን አሁን?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም ዝም አልን፣ እኔም ዝም አልኩ። ቤት ገብቼ ዕቃ ሳጥብ ነው የአሞ ዛፎች ትዝ ያሉኝ።

አውሎ ነፋሱ ሁጎ ይባላል። በፈረንጅ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1989፣ እኩለ ሌሊት ገደማ ቻርልስተን ከምትባለው ከተማ አጠገብ ወደ የብስ ገባ። በእኛ መስከረም 12 ቀን 1982 መሆኑ ነው፤ ደመራ ሊለኮስ አራት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። እኔም የዚያው ዓመት ልጅ ነኝ። ይህ ዓይነቱ ነፋስ ከሞቀ ውቅያኖስ ላይ እየተሽከረከረ ጉልበት አጠራቅሞ የሚመጣ ነው። አሜሪካኖች ሃሪኬን ይሉታል፣ በዚህ በእኛ በኩል ደግሞ ሳይክሎን። ዑማን የሠራችሁ በ2018 ሳላላን የመታውን መኩኑን ታስታውሱ ይሆናል፤ ያም የዚሁ ዘር ነው። ሁጎ የብስ ሲገባ በሰዓት 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነፍስ ነበር። ባሕሩንም እየገፋ ወደ ምድር አወጣው። ቡልስ ቤይ በሚባለው ሰላጤ ውኃው 6 ሜትር ገደማ ከፍ አለ፤ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ይውጣል።

እዚያ ባሕሩ አጠገብ ፍራንሲስ ማሪዮን የሚባል የመንግሥት ደን አለ፣ 100 ሺህ ሄክታር ያህል ነው። አብዛኛው ጥድ ነው። ጥድ ስላችሁ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያለው የእኛ ጥድ አይደለም፤ ቅጠሉ እንደ መርፌ ረጃጅም የሆነው ነው። በማግስቱ ጠዋት ሰዎች ሲመጡ መንገዱን ማወቅ አቃታቸው። ግንዶቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ እንደተበጠረ ፀጉር ተኝተዋል። ፎቶው አለ። እኔ መጀመሪያ ሳየው የተቆለለ የማገዶ እንጨት መስሎኝ ነበር።

የወደቀው ግን ሁሉም አልነበረም፣ አሞም መናገር የሚወዱት ይህንን ነው። በብዛት የወደቀው ትልቁና ረጅሙ ነው። ትንንሹ ጎንበስ ብሎ አሳለፈው። በዓይነትም ይለያያል። ሎብሎሊ የሚባለው ጥድ ቶሎ ያድጋል፣ ብዙ እንጨት ይሰጣል፣ በነፋሱ ግን በጣም ተጎዳ። ሎንግሊፍ የሚባለው፣ ቅጠሉ እስከ 40 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመው፣ ከእሱ ተሻለ። ረግረግ ውስጥ የሚበቅለው ሳይፕረስ ደግሞ፣ እግሩ ውኃ ውስጥ፣ ግርጌው እንደ ጀበና ሆድ የሰፋ፣ ቅጠሉና ቅርንጫፉ ተገፎ ሳይወድቅ ቀረ።

አሞ ያን ጊዜ ተማሪ ነበሩ። ዛፍ ቆጠራ ላይ ቀጠሯቸው። ከባሕሩ ጠርዝ፣ ሆብካው በሚባል ቦታ፣ እየዞሩ በሕይወት ባለው ዛፍ ላይ በቀለም ምልክት ያደርጋሉ። እዚያ ነፋሱ ያን ያህል አልጣለም፤ ዛፎቹ ቆመዋል፣ ቅጠላቸውም አረንጓዴ ነው። «ደስ ብሎን ምልክት አደረግን» ይላሉ። ከወራት በኋላ ተመልሰው ሲሄዱ ምልክት ያደረጉባቸው ዛፎች ቡናማ ሆነው ቆመዋል። አንዱም አልተሰበረም። ሞተዋል።

ምን ገደላቸው? ጨው ነው። ማዕበሉ ጫካው ውስጥ ገብቶ ተመለሰ፣ ጨውን ግን አፈሩ ውስጥ ትቶት ሄደ። ይህንን እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ባዲንጃን ከመጥበሳችን በፊት ቆራርጠን ጨው ነስንሰን እናስቀምጠው የለ? ሳትነኩት ላብ ያልበዋል፣ ውኃው ሁሉ ይወጣል። ጨው ውኃ ይስባል። ሥሩ በጨዋማ አፈር ውስጥ ሲሆን ዛፉ ውኃ መሳብ ያቅተዋል። መሬቱ እርጥብ ነው፣ ዛፉ ግን ይጠማል። በግንዱና በቅጠሉ ውስጥ ባለው ትንሽ ትንሽ እያለ ይቆያል፣ ሲያልቅበት ይደርቃል። ለዚህ ነው በነፋሱ ማግስት የተቆጠረው ቁጥር ልክ ያልነበረው። አሞ እስከ ዛሬ ይህንን ሲያነሱ ድምፃቸው ይለወጣል፤ እንደዋሹ ሰው ይሰማቸዋል። «አልዋሹም አሞ፣ ያኔ አረንጓዴ ነበር» እላቸዋለሁ።

ነፋሱ ያወዛወዘው ግንድም አለ። ከውጭ ምንም የለበትም፤ ሲሰነጠቅ ግን ውስጡ ተሰንጥቆ ይገኛል። መጋዝ ያላቸው ሰዎች ይህንን ስለሚያውቁ አውሎ ነፋስ ካለፈበት ጫካ የወጣ እንጨት ሲገዙ ይጠነቀቃሉ።

ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር፣ ብዙ አልወድም። የመጀመሪያው ቤቴ 14 ወር ሠርቼ የሦስት ወር ደሞዝ ብቻ ይዤ የወጣሁበት ነው። መክተቡ «ታገሺ» ብቻ ነበር መልሱ። ስወጣ ደህና ነበርኩ። ሁሉም «ተረፍሽ» አለኝ፣ እኔም አመንኩ። ደግ ሰዎች ቤት ገባሁ፣ የራሴ ክፍል ተሰጠኝ፣ የምተኛበት በር ቁልፍ በእጄ ሆነ። በሰባተኛው ወር እንቅልፍ አጣሁ። ፀጉሬ በማበጠሪያ እየተነቀለ ይወጣ ጀመር። ማዳም «ምን ጎደለሽ?» ስትለኝ ምንም አልጎደለኝም፤ አፈርኩ። ሰው ዛፍ አይደለም፣ አውቃለሁ፤ ያቺ እህታችን ለጠየቀችው ግን እኔ ያለኝ መልስ ይህ ነው። ሌሎቻችሁ የተሻለ ካላችሁ ከሻይ በኋላ ንገሯት።

ጨውስ እዚያው ቀረ ወይ? አልቀረም። ዝናብ እየደጋገመ አጠበው። ማንም ምንም ሊያደርግለት አይችልም ነበር፤ ጊዜና ዝናብ ነው የሚያስፈልገው። ሌላው ጉዳት ግን የሰው እጅ ይፈልግ ነበር፣ እሱን በወፏ ልንገራችሁ።

በዚያ ደን ውስጥ አንዲት ግንደ ቆርቁር አለች። ጥቁርና ነጭ ናት፣ ከእርግብ ታንሳለች። ሌሎቹ ግንደ ቆርቁሮች የሞተ ዛፍ ይቦረቡራሉ፣ እሷ ግን በሕይወት ያለ ጥድ ነው የምትቦረቡረው፤ ያውም ልቡ የለሰለሰ ያረጀ ጥድ። አንድ ጉድጓድ ለመጨረስ ዓመታት ይፈጅባታል። በጉድጓዱ ዙሪያ ቅርፊቱን እየነካካች ሙጫ ታፈስሳለች፣ እባብ እንዳይወጣባት። የሚኖሩት በቤተሰብ ነው። ትልልቆቹ ወንድ ልጆች ቤት ሳይለቁ ታናናሾቻቸውን ይመግባሉ። (ይህንን ሲነግሩኝ «ታዲያ የእኛን አገር ሰው ይመስላሉ» ብያቸው ብዙ ሳቁ።) ማታ ማታ እያንዳንዷ ወፍ በየራሷ ጉድጓድ ነው የምታድረው።

በዚያች አንድ ሌሊት ከወፎቹ 63 በመቶው አለቁ። ጉድጓድ ካላቸው ዛፎች 87 በመቶው ወደቁ። ጉድጓዱ ያለበት ቦታ ግንዱ ስስ ነው፣ ብዙው እዚያው ላይ ተገነደሰ። የተረፉት ወፎች ሜዳ ላይ አደሩ። አዲስ እንዳይቆፍሩ ያረጀ ዛፍ የለም፣ ቢኖርም ሥራው ዓመታት ይፈልጋል። ዛፍ እስኪያረጅ ቢጠበቅ ወፏ አትቆይም።

ሰዎቹ ምን አደረጉ? ከእንጨት ሳጥን ሠሩ፣ የእኛ ገበሬ ቀፎ እንደሚሠራው። መሰላል አቁመው በተረፉት ዛፎች ላይ ወጡ፣ ግንዱን በሞተር መጋዝ በሳጥኑ ልክ ቦረቦሩት፣ ሳጥኑን ከተቱት፣ ዳር ዳሩን ደፈኑት። በመቶዎች የሚቆጠር ሳጥን ነው ያስገቡት። ወፎቹም ገቡበት። አሞ ከሥር ቆመው ሲያዩ ነበር። «ወፍ ቤት ስትከራይ ያን ቀን አየሁ» ይላሉ። ቁጥራቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ። በ2024 የአሜሪካ መንግሥት ይህችን ወፍ ሊጠፉ ከተቃረቡት መዝገብ አውጥቶ ቀለል ወዳለው ደረጃ አዛወራት። እስከ ዛሬ ግን ሳጥኑ ይጠገናል፣ ይቀየራል። ተረፈች ተብሎ አልተተወችም።

ጫካው ራሱስ? ተመልሷል፣ ግን ያው ጫካ አይደለም። ባዶ በሆነው ቦታ ሎብሎሊው ፈጥኖ በአንድ ጊዜ በቀለ፤ ሁሉም እኩያ፣ ሁሉም ቀጭን፣ የተጠጋጋ፣ ሰው የማያሳልፍ። መሳሳት አለበት። ቁጥቋጦም በዛ። ያ ደን ደግሞ በየጥቂት ዓመቱ ሆን ተብሎ በቀስታ እሳት ካልተለቀቀበት አይሆንለትም። ነፋሱ ያጋደመው እንጨት ግን መሬቱን ሞልቶት ስለነበር እሳት መልቀቅ አስፈሪ ሆነ። እኔ እሳት ለጫካ ይጠቅማል ሲሉኝ አላመንኩም ነበር፤ እኛ አገር ጫካ ያቃጠለ ይታሰራል። አሞ ያስረዱኝ በሎንግሊፍ ችግኝ ነው።

የሎንግሊፍ ዘር ወድቆ ሲበቅል ዛፍ አይሆንም። መሬት ላይ እንደ ሣር ጉች ብሎ ይቀመጣል። ሁለት ዓመት፣ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አንድ ስንዝር ከፍ አይልም። የሚያልፍ ሰው ይረግጠዋል። እሱ ግን ወደ ታች ነው የሚያድገው፤ ዋናውን ሥሩን ወደ አፈሩ ጥልቅ ይሰዳል። እሳት ቢመጣ ረጃጅሙ ቅጠል ይቃጠላል፣ መሃል ላይ ያለው የሚያድግበት ጫፍ ግን በቅጠሉ ተሸፍኖ ይተርፋል። ከላይ የሚሻሙት ቁጥቋጦዎች ሲቃጠሉለት ደግሞ ፀሐይ ያገኛል። ሥሩ ሲበቃው አንድ ጊዜ ይመዘዛል።

ፎቶዎቹን በአደራ ይዣቸው መጥቻለሁ፣ አሞ ፈቅደውልኛል። ሳምቡሳ የያዛችሁ እጃችሁን ጠረግ አድርጉ። ይህ የማግስቱ ነው። ይህ የደረቁት፣ ቀለሙ ምልክት ግንዱ ላይ ይታያል። ይሄኛውን ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ «ባዶ ሜዳ ነው፣ ሣር አለበት» እያልኳቸው ሳልፈው ነበር። ባለፈው ሳምንት አሞ «እስቲ ሣሩን ቁጠሪው» አሉኝ። በስተግራ ከታች ጀምራችሁ እዩ፤ እኔ 31 ቆጥሬያለሁ፣ ጥላው ውስጥ ያሉትን ግን አልለየኋቸውም።