በደጃችን ያለውን ታሪክ እንወቅ



በትምህርት ቤታችን በዓል ስለ አዲስ አበባ የታሪክ ሥፍራዎች ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ደስታዬ ከፍ ያለ ነው።

አስቀድሜ ጥፋቴን ልናዘዝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከስድስት ኪሎው ሐውልት አጠገብ አውቶቡስ ስጠብቅ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ አላየሁትም ነበር። ከገጠር የመጣች አክስቴ «ይህ የማን መታሰቢያ ነው?» ብላ ብትጠይቀኝ መልስ አጣሁ፤ እጅግም አፈርሁ።

ኋላ መምህሬን ጠይቄ ተረዳሁ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ፥ ፋሺስቶች ሦስት ቀን ሙሉ ለጨፈጨፉት ሕዝብ መታሰቢያ ነው። ቦምቡ የተጣለበት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትም እዚያው ፊት ለፊት፥ በዩኒቨርሲቲው ግቢ፥ ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል።

ከዚያ ቁልቁል ጥቂት ለወረደ፥ በ1967 ዓ. ም. በሐዳር የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ አጽም የሚጠበቅበት ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ሽቅብ ለወጣ ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ. ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም አለች። በዚሁ ተራራ ግርጌም የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል የአገራችንን ዛፎች ይንከባከባል።

ጓደኞቼ ሆይ፥ የሩቅ አገር ነገሥታትን ዘመን በቃላችን እያጠናን በደጃችን የፈሰሰውን ደም ባናውቅ ነውር ነው። ወላጆችም አንድ እሑድ እንኳ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

አክስቴ ዳግመኛ ስትመጣ እኔ መልሱን ይዤ እጠብቃታለሁ።