ከሰኔ 30 ወዲያ የሚሻገር ገንዘብ
በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በመቂ ከተማ የተደረገ ንግግር



ስለ አዳዲስ ሕንፃዎች ግንባታ በየስብሰባው ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ግን ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ስለሚመጣው ዘመን፣ ይኸውም በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩትን ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና ጽሕፈት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ጠብቆ ለማቆየት የክልሉ መንግሥት ሊመድበው ስለሚገባው ገንዘብ ጥቂት ልናገር እወዳለሁ።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣሁ፣ ከመቂ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ የሚሠራ ባለ አራት ክፍል የትምህርት ቤት ሕንፃ ተቆጣጣሪ ነበርሁ። የመጨረሻውን ርክክብ ስፈርም የብረቱን፣ የኮንክሪቱንና የቀለሙን ጥራት አንድ በአንድ አረጋግጫለሁ። አሸንዳውን ማን፣ በየትኛው ወር፣ በምን ገንዘብ እንደሚጠርገው ግን አንድ መስመር አልጻፍሁም፤ የጠየቀኝም አልነበረም። ከሰባት ዓመት በኋላ በዚያ ሳልፍ አንደኛው ክፍል ተዘግቶ፣ ልጆቹ ወደ ጎረቤቱ ክፍል ተደርበው፣ አራት አራት ሆነው በአንድ ዴስክ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

ምክንያቱ ረቂቅ አልነበረም። የሕንፃው ጣሪያ 250 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። በእንዲህ ያለ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 5,000 ሊትር ውኃ ይወርድበታል፤ ግማሹም በአንዱ ወገን ይፈስሳል። አሸንዳው ደኅና ሲሆን ውኃው ወደ ቦዩ ይሄዳል። አሸንዳው በቅጠልና በአቧራ ተደፍኖ መጋጠሚያው ሲላቀቅ ግን ውኃው ሁሉ በአንድ ማዕዘን ላይ ይወርዳል። ከመሠረቱ ሥር ያለው ሸክላማ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ እርጥበት ይገባል፤ ምስጥም ወደ ጣሪያው እንጨት መንገድ ያገኛል። አንድ ሠራተኛ መሰላል ይዞ በግማሽ ቀን ሊጨርሰው የሚችለው ሥራ ባለመሠራቱ አንድ ክፍል ተዘጋ።

ሆላንዳዊው መሐንዲስ ደ ሲተር እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ኮንክሪት ሥራዎች ባቀረበው ግምት፣ በዲዛይንና በግንባታ ጊዜ በ1 ብር የሚታረም ጉድለት በቅድመ ጥንቃቄ ጊዜ 5፣ ጉዳቱ ሲጀምር 25፣ ሲስፋፋ ደግሞ 125 ብር ይጠይቃል። አባቶቻችን ይህን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው በሁለት ቃል ጨርሰውታል። የጭቃ ቤት ያለውም ሰው ክረምቱ ሲወጣ ግድግዳውን እንደገና ይመርጋል እንጂ እስኪወድቅ አይጠብቅም።

ታዲያ መንግሥት ይህን ለማድረግ ስለምን ተሳነው? አንዱ ምክንያት የበጀቱ አቆጣጠር ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ጣሪያና አሸንዳ መጠገን ያለበት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ በእነዚህ ወራት ግን የሥራ ማስኬጃው ተሟጥጧል። አዲሱ ገንዘብ ሲመጣ ዝናቡም አብሮ መጥቷል። ለከርሞ ይሁን ተብሎ የተቆጠበ ገንዘብ ቢኖር እንኳ ሰኔ 30 ላይ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ከዚህም ሌላ ወረዳዎች ከክልሉ ከሚያገኙት ጥቅል ድጎማ ላይ ደመወዝ አስቀድሞ ስለሚነሣ፣ ጥገና ተራው የሚደርሰው ከሁሉ በኋላ ነው። የሕንፃ ዕድሜ በሃምሳ ዓመት ይቆጠራል፤ ገንዘቡ ግን ከአሥራ ሦስት ወር አያልፍም።

በስምጥ ሸለቆ ለምንኖር ሰዎች ነገሩ ከወጪም በላይ ነው። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. በላንጋኖ አካባቢ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ በተደጋገመው መንቀጥቀጥ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎች ተፈናቅለዋል። የተሰነጠቀና ብረቱ የዛገ ሕንፃ እንዲህ ላለው ቀን ቀድሞ የተሸነፈ ነው።

መፍትሔውን ከሩቅ መፈለግ አያሻንም። ከሞጆ ተነሥቶ በዚህች ከተማ አልፎ ወደ ሻሸመኔ የሚወርደውን አስፋልት ተመልከቱ። መንግሥት መንገድ ያለ ጥገና እንደማይቆይ ተገንዝቦ፣ በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የመንገድ ፈንድን አቋቋመ፤ ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰብ ገንዘብም ለመንገድ ጥገና እንዲውል ተለየ። ለመንገዱ የታሰበለት፣ ከመንገዱ ዳር ላለው ትምህርት ቤት ስለምን ይቀራል?

ስለሆነም የኦሮሚያ ክልል የሕዝብ ሕንፃዎች የጥገና ፈንድ በሕግ እንዲያቋቁም ማኅበራችን ሐሳብ ያቅርብ እላለሁ። በመጀመሪያ፣ በየወረዳው ያለው ሕንፃ ሁሉ ከነዕድሜው፣ ከነይዞታውና ከነጉዳቱ ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ሕንፃ የመተኪያ ዋጋ በየዓመቱ 2 በመቶ ይመደብ። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ከ2 እስከ 4 በመቶ እንዲሆን መክሯል፤ እኛ በታችኛው ብንጀምር፣ 20 ሚሊዮን ብር ለሚያወጣ ሕንፃ በዓመት 400,000 ብር ይሆናል። ክልሎች ከራሳቸው ቤቶች ኪራይ እንዲሰበስቡ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 ስለሚፈቅድ፣ ይህ ገቢ ለፈንዱ አንድ መነሻ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ሰኔ 30 ተሻግሮ ይቆይ፤ ለሌላ ጉዳይ አይዛወር፤ ሒሳቡም በየዓመቱ ተመርምሮ ለሕዝብ ይገለጽ።

«ልጆች በዛፍ ጥላ ሥር እየተማሩ ለአሮጌ ሕንፃ ገንዘብ እንዴት ይቀመጣል?» የሚሉ ይኖራሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ እኔም አልንቀውም። ነገር ግን በአንድ ወገን አንድ ክፍል እየሠራን በሌላው ወገን አንድ ክፍል ከተዘጋ፣ በዛፉ ሥር ያለው ልጅ ከቦታው አልተነሣም። ፈንዱ ሌላ የደመወዝ መክፈያ መሥሪያ ቤት እንዳይሆን የሚሠጉም እውነት አላቸው፤ የአስተዳደር ወጪው በሕግ መወሰን ያለበት ስለዚህ ነው።

የሕጉን መውጣት ስንጠብቅ እኛ በእጃችን ያለውን እናድርግ። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሚጠግን የሚገልጽ ሰነድ ከሌለ የመጨረሻ ርክክብ አንፈርም። እኔ ያን ጊዜ ይህን ጽፌ ቢሆን ኖሮ፣ ምናልባት ያ ክፍል ዛሬም ክፍት ይሆን ነበር።