ባክቴሪያዎች እንዴት ይነጋገራሉ?



ባክቴሪያ ከጎረቤቱ ጋር የማይገናኝ ፍጡር ይመስለን ነበር። ነገር ግን በሃዋይ ባሕር ስኩዊድ የምትባል፥ አጥንት የሌላት ትንሽ እንስሳ አለች። በአካሏ ከረጢት ውስጥ ቪብሪዮ ፊሸሪ የተባሉ ባክቴሪያዎች ሌሊት ሌሊት ያበሩላታል፤ ብርሃናቸውም ከላይ ከሚመጣው የጨረቃ ብርሃን ጋር ስለሚመሳሰል፥ ከበታቿ ያለው ጠላት ጥላዋን አያይም።

ባክቴሪያው ብቻውን ሲሆን ግን አያበራም። እያንዳንዱ ጥቃቅን ሞለኪውል ወደ ውጭ ያወጣል፤ እነርሱ ሲበዙ ሞለኪውሉም ይጠራቀማል፤ መጠኑ ሲሞላ ሁሉም ባንድነት ያበራሉ። ጣት ሳይኖራቸው ተቈጣጠሩ ማለት ነው! ኒልሰን፥ ፕላትና ሄስቲንግስ ነገሩን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1970 ሲገልጡ ብዙ ሊቃውንት ተጠራጥረው ነበር።

ሳንባ የሚያጠቃው ፕሴውዶሞናስም መርዙን ለማውጣት በዚህ ዓይነት ምልክት ይጠቀማል። ስለዚህ ተመራማሪዎች፥ መድኃኒት የለመደውን ጀርም መግደል ቢያቅተን ንግግሩን እናቋርጥበት ብለው በመድከም ላይ ናቸው።