የሐኪሙ ዕረፍት ለታካሚው ጥበቃ ነው

የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በኢትዮጵያ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ ወዲህ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ አካላዊ ርቀትና ስለ ፊት መሸፈኛ አጠቃቀም ብዙ ተነግሯል። ከእነዚህ ባልተናነሰ ትኩረት የሚሻው፣ ነገር ግን እምብዛም የማይነሳው ጉዳይ የሐኪሙ የራሱ ጤንነት ነው።

በሕዝቡ ዘንድ ሐኪም ሲመሰገን ራሱ እየቀለጠ ለሌላው የሚያበራ ሻማ ነው ይባላል። ምስጋናው ከቅን ልብ የመነጨ ነው። ይሁን እንጂ ወረርሽኝ የአንድ ሌሊት ጉዳይ ሳይሆን ወራትን፣ ምናልባትም ዓመታትን የሚወስድ ነው፤ ሻማው ቀልጦ ካለቀ ደግሞ ቤቱ ይጨልማል። ስለዚህ የሐኪም ዕረፍት እንደ ቅንጦት ሳይሆን እንደ ሕክምናው አንድ አካል ሊታይ ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት «በርንአውት» የሚባለውን የሥራ መዛል፣ በሥራ ቦታ ተፈጥሮ መላ ሳያገኝ ከቆየ ጭንቀት የሚመጣ ችግር መሆኑን በ2019 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። መገለጫዎቹ ሦስት ናቸው፤ እነርሱም የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በመንፈስ መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ እንዲሁም የሥራ ውጤታማነት መቀነስ ናቸው። ከሥራ ጋር የተያያዘ ችግር እንጂ የስንፍና ወይም የእምነት ማነስ ምልክት አይደለም።

ወረርሽኙ ይህን ሸክም አክብዶት ነበር። መከላከያ አልባሳት የለበሰ ሐኪም ለሰዓታት ውኃ አይጠጣም፤ መጸዳጃ ቤትም አይሄድም ነበር። ተረኛነቱን ሲጨርስ ልጆቹን አቅፎ እንዳይስም በሽታውን አስተላልፍ ይሆን የሚል ሥጋት ይይዘው ነበር። ብዙዎች ከቤተሰባቸው ተለይተው ሰንብተዋል። አስታማሚ ሊገባ በማይችልበት ክፍል የታማሚውን የመጨረሻ ሰዓት ብቻውን የሚያየው፣ መርዶውንም ለቤተሰቡ የሚያደርሰው እርሱ ነበር።

ጉዳቱ በሐኪሙ ላይ ብቻ አይቀርም። እንቅልፍ ያጣ ሰው የመድኃኒት መጠን ሊስት፣ የታማሚውን ለውጥ ሳያስተውል ሊያልፍ ይችላል። መከላከያ አልባሳትን ማውለቅ ደግሞ ከመልበስ ይልቅ ለብክለት የሚያጋልጥ ተግባር በመሆኑ፣ የደከመ ሐኪም በዚያች ቅጽበት ራሱንም ሌላውንም ለበሽታው ሊያጋልጥ ይችላል። የዓለም የሕክምና ማኅበር በ1948 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የሐኪሞች ቃል ኪዳን ውስጥ፣ ሐኪሙ የላቀ ሕክምና መስጠት ይችል ዘንድ የራሱንም ጤና እንዲጠብቅ የሚያስገድድ ቃል በ2017 እ.ኤ.አ. የጨመረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ሐኪሙ ምግብን፣ ውኃንና እንቅልፍን እንደ ሥራው ግዴታ ይቁጠር። ከተረኛነት ሲወጣ ስለ ወረርሽኙ የሚወራውን ሁሉ ከመከታተል ይቆጠብ፤ በአካል ያልተገናኘውን ቤተሰብ በስልክ ያግኝ፤ የከበደውንም ለሚያምነው የሥራ ባልደረባ ያካፍል።

ሁለተኛ፣ የጤና ተቋማት ኃላፊዎች የተረኛነት መርሐ ግብርን በፈረቃ ያመዛዝኑ፤ ከአስጨናቂው ክፍል ወደ ቀለል ያለው ሠራተኛ ያዘዋውሩ፤ ዕረፍት የጠየቀ ባለሙያ እንደ ሰነፍ እንዳይታይ ያድርጉ።

ሦስተኛ፣ ቤተሰብ ለምልክቶቹ ንቁ ይሁን። እንቅልፍ ማጣት፣ በትንሹ መቆጣት፣ ከሰው መሸሽ፣ መጠጥ ወይም ጫት ማብዛት ሲታዩ ከወቀሳ ይልቅ መደመጥ ይቀድማል። ተስፋ መቁረጡ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከተነሳ ግን ሰውየውን ብቻውን ሳይተዉ በዚያው ዕለት ወደ ሕክምና መውሰድ ይገባል።

አራተኛው ድርሻ የሕዝቡ ነው። ሐኪም ወይም ነርስ የሚኖርበትን ቤት መሸሽ፣ ኪራይ መከልከል፣ ልጆቻቸውን ከጨዋታ ማግለል የደከመውን ይበልጥ ይሰብራል። በአንጻሩ ከደጃፍ የተቀመጠ ምግብ፣ ለአረጋውያን ወላጆቹ የተደረገ የገበያ እገዛ፣ በርቀት የቀረበ ሰላምታ ኃይል ይሆነዋል። ምልክት የታየበት ሰው ወደ ተቋም ከመሄዱ በፊት በ8335 ወይም በ952 ነጻ የስልክ መስመር መረጃ ቢጠይቅ መጨናነቅ ይቀንሳል። መተንፈስ ያቃተው ግን ሳይዘገይ ወደ ሕክምና መሄድ አለበት።

የተከበራችሁ ወገኖች፣

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ አንድ ሐኪም ብቻውን ሊሸከመው የማይችለው ሁሉም ሲካፈለው ይቀላል። ጭንብሉን በአግባቡ ያደረገ፣ እጁን የታጠበ፣ ርቀቱን የጠበቀ እያንዳንዱ ሰው በሆስፒታሉ ከሚጠበቁት ታማሚዎች አንዱን ይቀንሳል፤ ለአንድ ሐኪምም የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ይሰጣል።